ስለ ጦቢያው፤ በግቢ የሚያምር፣ በእርሻ ውስጥ የሚመሰክር ተክል

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የተጓዘ ሰው ሁሉ፣ ልብ ብሎት ይሁን ሳይለው፣ አንድ ተክል በመንገዱ ዳር ሳያይ አላለፈም። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ነው፤ መልኩም አመድ የተነሰነሰበት አረንጓዴ ይመስላል። አበባው በሰም የተሠራ ያህል ጠንካራና ነጭ ሆኖ የመልካቾቹ ጫፍ ሐምራዊ ነው። ፍሬው ደግሞ አየር የተነፋበት አረንጓዴ ከረጢት ይመስላል። ሣሩ ሁሉ በበጋው ፀሐይ ሲነድና ከብቱ በጥላ ሲጠለል፣ ይህ ተክል ብቻውን ለምልሞ አብቦ ይታያል። የሱዳን ሰዎች ዑሸር ይሉታል፤ በአማርኛ ጦቢያው ወይም ቅምቦ፣ በትግርኛም ግንዳዕ ይባላል። የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ያወጡለት ስም ካሎትሮፒስ ፕሮሴራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደና ትርጓሜው መልካም የመርከብ የታች አከርካሪ ማለት ነው።

ስለዚህ ተክል በአገራችን ጠረፍና በምሥራቅ ሱዳን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዳንዶቹ መርዝ ስለሆነ ተነቅሎ ይጥፋ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ውሃ ሳይጠይቅ የሚያብብና የሚያምር ስለሆነ በየሜዳው ይተከል ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን እኩሌታ ብቻ ይዘዋል። ጦቢያው ቦታው ታውቆለት በጥንቃቄ ቢተከል ግቢን የሚያስጌጥ፣ የተራቆተ ዳርቻንም የሚሸፍን ተክል ነው። በእርሻ መካከል ሳይጠራ ሲመጣ ግን ጌጥም ጠላትም አይደለም፤ አፈሩ መድከሙን የሚናገር ምስክር ነው። ምስክርን ቆርጦ መጣል ደግሞ የተመሰከረበትን ጉዳይ አያርቀውም።

ይህን አስተያየት ለማስረዳት ስለ ተክሉ ጠባይ፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ፣ ስለ አተካከሉም በተራ መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የተክሉ ጠባይ

ጦቢያው ብዙ ዓመት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። በመልካም ቦታ ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል፤ እስከ 4 እና 5 ሜትር የሚደርስም አለ። ዋናው ሥሩ ብዙ ሜትር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የላይኛው አፈር ደርቆ በሚሰነጠቅበት ጊዜ እንኳ ከጥልቁ እርጥበት ይስባል። በበጋ የማይጠወልግበት ምክንያት ይህ ነው። ግንዱ ቢቆረጥ ከሥሩ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህም በገጀራ ብቻ ላጠፋው ያለ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት በአንዱ ግንድ ፈንታ አራትና አምስት ግንድ ቆሞ ያገኘዋል።

ከቅጠሉም ከግንዱም ከፍሬውም ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ለልብ ጎጂ የሆኑ ጠንካራ መርዞች አሉበት። ተክሉ ከብዙ እንስሳት የሚጠበቀው በዚሁ ነው። ሆኖም ፍጥረት ሁሉ አይፈራውም፤ የአንድ ዓይነት ቢራቢሮ ትል ቅጠሉን በልቶ ያድጋል፤ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት አንድ የፌንጣ ዘርም ይመገበዋል። ሁለቱም መርዙን በገላቸው አከማችተው ወፍ እንዳይበላቸው መከላከያ ያደርጉታል። አበባውንም የሚያዳቅለው እንጨት እየበሳ የሚኖረው ትልቁ ጥቁር ንብ ነው። እንግዲህ መርዘኛ የተባለው ተክል ለነፍሳት የእንጀራ ቤት መሆኑን እናያለን።

ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚያስደንቀው ፍሬው ነው። ከጡጫ የሚበልጥ፣ ሲጨብጡት ልል የሆነ አረንጓዴ ከረጢት ነው። በበሰለ ጊዜ በአንድ ወገን ይሰነጠቅና ውስጡ ይታያል፤ ጠፍጣፋ ቡናማ ዘሮች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱም ዘር ጫፍ ላይ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ነጭ ጭገር አለ። በአንድ ከረጢት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዘር ይገኛል። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ዘሩ በጭገሩ እየተንሳፈፈ ሩቅ ይሄዳል። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ፣ በሰዶም አገር ለዓይን የሚያምር፣ በእጅ ሲቀጠፍ ግን ጢስና አመድ የሚሆን ፍሬ እንዳለ ጽፏል። ብዙ ሊቃውንት ያ ፍሬ ይኸው የጦቢያው ፍሬ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በአውሮጳ ቋንቋዎች የሰዶም ፖም የሚል ስም ወጥቶለታል።

ጥቅሙ

በዓለም ላይ ይህን ተክልና ዘመዶቹን የናቀ ሕዝብ ጥቂት ነው። በሕንድ አገር የእርሱና የትልቁ ወንድሙ አበባ ለአምልኮ ይቀርባል። በታይላንድ የትልቁ ወንድሙ አበባ ለአበባ ጉንጉን ይሰፋል። በሐዋይ ደሴቶችም የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ይህንኑ አበባ ትወድድ እንደ ነበረ ይነገራል። በአውሮጳ ያሉ የአበባ ነጋዴዎች ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ የሆነውን ጎምፎካርፐስ የሚባለውን ተክል ስለ አበባው ሳይሆን እንደ ፊኛ ስለ ተነፋው ፍሬው ብለው ከቅርንጫፉ ጋር ቆርጠው ይሸጡታል። ስለዚህ የዘር ከረጢቱ ለጌጥ መፈለጉ እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር አይደለም።

በቤት አገልግሎት በኩልም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የግንዱ ልጥ ጠንካራ ክር ስለሚወጣው ለገመድና ለዓሣ መረብ ሲያገለግል ኖሯል። እንጨቱ ቀላል ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ከሰል በቀድሞ ዘመን ለባሩድ መቀመሚያ ይፈለግ ነበር። በምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም በቤኒን፣ ከብት አርቢዎቹ የፉላኒ ሴቶች ከቅጠሉና ከግንዱ የሚወጣውን ጭማቂ ወተት ለማርጋት ይጠቀሙበትና ዋጋሺ የሚባለውን አይብ ያዘጋጁበታል። ይህ ግን መጠኑንና አያያዙን ከእናት ወደ ልጅ ሲቀበሉ የኖሩ ሰዎች ጥበብ ስለሆነ፣ ያልተማረ ሰው በሰማው ብቻ ተነሥቶ እንዳይሞክረው አጥብቀን እንመክራለን።

ሐር መሳዩ ጭገር አጭርና ሙልጭልጭ ስለሆነ ብቻውን ለመፍተል አይመችም። ለትራስና ለኮርቻ መሙያ ግን ይሆናል። እያንዳንዱ ጭገር ውስጡ ባዶ ነው፤ ላዩም ሰም መሳይ ቅባት ስላለበት ውሃ አይገባውም። የዚህ ዓይነቱ ጭገር ዋጋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታይቷል። ጃፓን በ1942 ጃቫን በያዘች ጊዜ ለመርከበኞች የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሚሞላው ጥጥ መሳይ ነገር ከዚያ መምጣቱ ስለ ቀረ፣ በአሜሪካ የተማሪ ቤት ልጆች በየሜዳው እየዞሩ የጦቢያውን የቅርብ ዘመድ ፍሬ ለቅመው በከረጢት ያስረክቡ ነበር። ሁለት ከረጢት ፍሬ ለአንድ ሰደርያ እንደሚበቃ ይነገራቸው ነበርና፣ አረም ተብሎ ሲነቀል የኖረው ተክል የብዙ መርከበኛ ሕይወት መጠበቂያ ሆነ። በቅርብ ዓመታትም የተመራማሪዎች ሙከራ ይኸው የጦቢያው ጭገር ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ለመምጠጥ የሚችል መሆኑን አሳይቷል።

ጉዳቱ

ጥቅሙን የተናገረ ሰው ጉዳቱን ቢሸሽግ አንባቢውን ይበድላል። ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው የዓይን ጉዳት ነው። ነጩ ፈሳሽ ወደ ዓይን የገባ እንደሆነ የብሌኑን መስተዋት ከውስጥ በኩል ይጎዳል፤ ሰውዬውም ሁሉን ነገር በጉም ውስጥ እንዳለ ያያል። አሳሳቹ ነገር ብዙ ጊዜ ሕመሙ ቀላል መሆኑ ወይም ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የተጎዳው ሰው አላመመኝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ይህ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ዓይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። በጊዜ የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ይመለስለታል። ልጆች ፍሬውን እንደ ኳስ እየረገጡ የሚያፈነዱት ስለሆነ፣ ወላጆችና መምህራን ይህን አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል።

ሁለተኛው የከብት ጉዳት ነው። ከብት ሌላ ግጦሽ ሲኖረው እርጥቡን ጦቢያው አይነካም። በክፉ በጋ ግን ረኀብ ምርጫ ስለማይሰጥ ፍየልና በግ ሊቀምሱት ይችላሉ። በሱዳን የእንስሳት ሐኪሞች በበግና በፍየል ላይ አድርገውት ውጤቱ በ1979 የታተመው ምርመራ ተክሉም ፈሳሹም መርዛቸው የተረጋገጠ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በበረትና በውሃ ጉድጓድ አጠገብ መትከል ስሕተት ነው።

ሦስተኛው የመስፋፋቱ ነገር ነው። ወደ አውስትራልያ የገባው ምናልባት ለግመል ኮርቻ መሙያ በሆነው ጭገር ውስጥ በቀረው ዘር ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ዛሬ በሰሜን አውስትራልያ ሰፊ የግጦሽ አገር ይዞ ከብት አርቢዎችን የሚያስጨንቅ አረም ሆኗል። ሆኖም በዚያው አገር አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኝቷል። ተክሉ ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት መስክ ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ የሚበረታው ከብት ግጦ ግጦ ባራቆተው፣ ጎማና ማረሻ በነካካው መሬት ላይ ነው። ይህን ትምህርት ወደ ገዳሪፍ አምጥተን ስንመለከተው የምንናገረው ነገር ዋና ፍሬ ይገለጥልናል።

የሚመሰክረው ነገር

የገዳሪፍ አገር የሱዳን ጎተራ ተብሎ ከተጠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የምድር ባቡሩ ከከሰላ መጥቶ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ። በ1944 የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ቀለብ እንዲሆን በማሰብ ቀደምበሊያ በተባለው ስፍራ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ በ1968 ይህን የሚመራ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የትራክተሩም እርሻ ዋልካውን ሜዳ ሁሉ እያዳረሰ እስከ ጠረፉ ሄደ። በእኛም በኩል በሑመራና በመተማ ሰፊው የሰሊጥ እርሻ ተነሣ። ከጎንደር ደጋና ከትግራይ በየዓመቱ ወደ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ብዛት የዚህን አገር በረከት ይመሰክራል።

ከትራክተሩ በፊት የነበረው ልማድ ግን ሌላ ነበር። ገበሬው መሬቱን ጥቂት ዓመታት ካረሰ በኋላ ለሐሻብ ይለቅለት ነበር። ሐሻብ በዓለም ገበያ የታወቀውን የሱዳን ሙጫ የሚሰጠው ግራር ነው። ሐሻቡ አፈሩን እያደሰ ሙጫ ያስገኛል፤ ሲያረጅም ተቆርጦ ማገዶ ይሆንና መሬቱ እንደ ገና ይታረሳል። በዚህ ዓይነት መሬቱ ሲያርፍም ሥራ አይፈታም ነበር። የትራክተሩ እርሻ ሲስፋፋ ሐሻቡ ተመነጠረ፤ ማሽላ በማሽላ ላይ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተዘራ። የሆነውም የታወቀ ነው። ከአንድ ፈዳን የሚገኘው ማሽላ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋር ሲወዳደር አነሰ። አቀንጭራ በዛ። የሱዳን ገበሬ ይህን አረም ቡዳ ይለዋል፤ ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ደሙን የሚመጥ ስለሆነ ስሙ አልተሳሳተም። ያረጀውም መሬት ሲተው ማንም ሳይዘራው የሚመጣው ጦቢያው ሆነ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረ። በ2020 በኅዳር ወር ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን በሐምዳይትና በሌሎችም በሮች ገብተው በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። በ2023 በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከካርቱምና ከሌላም አገር የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ መጣ። ሰው ነፍሱን ሊያድን ሲመጣ ማገዶ መቁረጡ አይቀርም፤ በዚህም ማንንም መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ቀድሞ የሳሳው ዛፍ ይበልጥ እንደሚሳሳ፣ ባዶውም መሬት ይበልጥ እንደሚሰፋ የታወቀ ነው። የጦቢያው ዘር በነፋስ እየተንሳፈፈ የሚጠብቀው ይህንን ባዶ መሬት ነው።

እንግዲህ ጦቢያውን በእርሻው መካከል ያየ ገበሬ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው በምን ላጥፋው ብሎ አይደለም፤ ይህ መሬት ስንት ዓመት ያለ ዕረፍት ታረሰ ብሎ ነው። መልሱም በእጁ ያለ ነው። ማሽላን ከሰሊጥና ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ አንዱ መድኃኒት ነው። ሰሊጥ የአቀንጭራን ዘር በመሬት ውስጥ ቀስቅሶ ሲያበቃ የሚጠባው ሥር ስለማይሰጠው በከንቱ እንዲሞት ያደርገዋልና። የተሻለ ዘር መምረጥ ሌላው ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በሱዳን ሳሉ የደከሙበትና ሐጂን ዱራ 1 የተባለው ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ በ1983 ለገበሬው መሰጠቱ፣ ኋላም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች በማስገኘታቸው ጭምር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት መቀበላቸው ለሁለቱም አገሮች የሚያኮራ ነው። ነገር ግን መልካም ዘር የደከመን አፈር ለጥቂት ጊዜ ይደግፈዋል እንጂ አያሳርፈውም። የሚያሳርፈው ሐሻቡ ነው።

አተካከሉና አያያዙ

ስለ አፈሩ ይህን ከተናገርን በኋላ ተክሉን ለጌጥ መትከል ለሚወድ ሰው ሥራውን እንገልጻለን። ዘሩ የሚለቀመው ከረጢቱ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ጭገሩም ገና ሳይበተን ነው። ለቃሚው እጁን በጨርቅ ወይም በጓንቲ ይሸፍን፤ እጁን ሳይታጠብም ፊቱን አይንካ። ከረጢቶቹ በጥላ ከደረቁ በኋላ ዘሩ ከጭገሩ ይለያል። ይህ ሥራ ነፋስ በሌለበት ቤት ቢሠራ ይሻላል፤ አለዚያ ዘሩ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ዘሩ የሚዘራው ክረምት ሲገባ ነው። በገዳሪፍ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ይህ ለጦቢያው ከበቂ በላይ ነው። ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ግን አይስማማውም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ፣ አሸዋ የተቀላቀለበትና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይመረጥለት። ዘሩ በስሱ አፈር ይሸፈን፤ በሞቃት አፈር ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይበቅላል። ሥሩ ቶሎ ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ካደገ በኋላ ማዛወር አይሆንም፤ የሚዛወር ከሆነ ገና ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ ይዛወር። በአንዱና በሁለተኛው ተክል መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ይተው። ከዚህ በኋላ ውሃም ፍግም አይጠይቅም።

ተክሉ የሚቆምበት ስፍራ ከመኝታ ቤት መስኮት፣ ከልጆች መጫወቻ፣ ከበረትና ከጉድጓድ የራቀ የግቢ ጥግ ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ከክረምት በኋላ ቢገረዝ ቅርጹ ያምራል። በሚገረዝበት ጊዜ ፈሳሹ ሊፈናጠር ስለሚችል ዓይንን በመነጽር መከለል ያስፈልጋል። ለቤት ጌጥ የሚፈለገው ቅርንጫፍ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይቆረጥ፤ የተቆረጠውም ጫፍ ወዲያው በእሳት ለብለብ ቢደረግ ፈሳሹ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ግን በተክሉ ላይ የቀረው ከረጢት ሳይሰነጠቅ መለቀም አለበት። በግቢው ጦቢያው የተከለ ሰው ዘሩን በነፋስ ወደ ሰው እርሻ ቢለቅ፣ ጌጡ ለእርሱ፣ አረሙ ለጎረቤቱ ይሆናልና ይህ ደግ አይደለም።

ማን ምን ያድርግ

ለከተማ ነዋሪዎች የምንለው ይህ ነው። ውሃ በጋን በሚገዛበት ሰፈር ውሃ የሚፈጅ የውጭ አበባ ለማሳደግ ከመድከም፣ የአገሩ አየር ያሳደገውን ተክል በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። ከደጁ ያለውን የሚንቅ፣ ከሩቅ የመጣውን ብቻ አበባ ብሎ የሚጠራ ሰው ዓይኑ ገና አልሠለጠነም።

ለገበሬዎች የምንለው በጦቢያው ላይ ገጀራ ከማንሣታችሁ በፊት የተናገረውን ስሙ ነው። በእርሻው ዳር፣ ጎርፍ በቦረቦረው ገደልና መኪና በረጋገጠው ዳርቻ ላይ ቢበቅል አፈሩን ይሸፍናልና ተዉት። በእርሻው መካከል ከበቀለ ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት፤ ነገር ግን በቦታው ላይ በዚያው ዓመት ማሽላ አትድገሙበት። ከመሬታችሁ ጥቂቱን ክፍል በየተራ ለሐሻብ ልቀቁለት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዛሬ በጥቂት መሬት የሚደረገው ዕረፍት ነገ መላውን መሬት ከመተው ያድናል።

ለሹማምንትና ለእርሻ መሥሪያ ቤቶች የምንለው ከዚህ ይከብዳል። በ1989 የወጣው የሱዳን የደን ሕግ በዝናብ ከሚለማው ሰፊ እርሻ ከመቶ 10 እጁ፣ በመስኖ ከሚለማው ከመቶ 5 እጁ ለዛፍ እንዲተው ደንግጎ ነበር። ይህ ሕግ በሙሉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ከገዳሪፍ እስከ ጠረፉ በሚወስደው መንገድ የሚታየው የሐሻብ መስመር በሆነ ነበር፤ የሚታየው ግን አብዛኛውን ቦታ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። በእኛም ወገን በመተማና በሑመራ ለሰሊጥ መሬት ሲመነጠር የዕጣኑና የግራሩ ዛፍ አብሮ መሄዱን የማያውቅ የለም። የእርሻ መሬት የሚሰጥ ሹም መሬቱን ሲለካ ለዛፍ የሚቀረውን ክፍል ቀድሞ ይለካ፤ ባለ እርሻው የተተወለትን ክፍል ማልማቱንም በየዓመቱ በዓይኑ ይይ። የእርሻ ባለሙያዎችም ጦቢያው የበዛበትን ስፍራ በካርታ ላይ ቢያኖሩት፣ ያለ ብዙ ወጪ የደከመውን አፈር ካርታ አገኙ ማለት ነው። ነፋስ የዘራውን ይህን ምልክት ለማንበብ የሚያስፈልገው ዓይንና ቅን ልቡና ነው።

የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ድንበራቸውን በየጊዜው ይነጋገሩበታል። አፈሩ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዋልካ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው፤ የጦቢያውም ዘር የጋላባትን ኬላ ሳይጠይቅ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። በአንዱ ወገን የደከመ መሬት በሌላው ወገን ያለውን ገበሬ ሳይነካው አይቀርም። ስለዚህ ዛፍ መትከልና መሬት ማሳረፍ በጎረቤታሞች መካከል ሊፈጸም ከሚገባው ስምምነት ሁሉ ቀላሉና ጠቃሚው ነው። ይህ ሲሆን ጦቢያው ወደ ተገባው ቦታ ይመለሳል። በግቢ ጥግ ቆሞ አበባውንና ያበጠ ከረጢቱን ያሳያል፤ በእርሻው መካከል ግን የሚመሰክረው ነገር አያገኝም።